አያቴ አልዋሹም፦ የ«መድኃኒት» ድንበር የት ነው?

አያቴን ለምርመራ ይዤ ሄጄ የሐኪሟን ጥያቄ በአማርኛ ነገርኳቸው። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «ኧረ ምንም የለም፣ ልጄ!» አሉ። እኔ ግን በየማለዳው ጥቁር አዝሙድ በማር እንደሚበሉ፣ ሆዳቸውን ሲያማቸው ደግሞ ፌጦ በጥብጠው እንደሚጠጡ አውቃለሁ።

አልዋሹም። ይህ የገባኝ በቋንቋ ኮርስ ላይ ስለ «ትርጉም መስክ» ስንማር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቃል ብቻውን አይኖርም፣ ጎረቤቶች አሉት። አንድ ጎረቤት ሲገባ ወይም ሲወጣ የሌሎቹም ድንበር ይለወጣል።

ጀርመናዊው ዮስት ትሪር እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጥናት ይህን በጀርመንኛ አሳይቷል። በ1200 ገደማ «ኩንስት» የመኳንንቱ ከፍ ያለ እውቀት፣ «ሊስት» ደግሞ ዝቅ ያለው የሙያ እውቀት ነበር፤ «ቪስሃይት» ሁለቱንም ያቅፍ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ «ሊስት» ከመስኩ ወጣ፣ «ቪሰን» ገባ፣ «ቪስሃይት» ወደ መንፈሳዊ ጥበብ አዘነበለ። ቃላቱን አንድ በአንድ ብናይ ትንንሽ ለውጦች ናቸው። አብረን ስናያቸው ግን ሰዎች እውቀትን የሚከፋፍሉበት መንገድ ራሱ መለወጡን እንረዳለን።

ወደ እኛ እንምጣ። «መድኃኒት» ከግዕዙ «ድኅነ» የወጣ ሲሆን መዳኛ ማለት ነው፤ «መድኃኔ ዓለም» ሲባል ይህ ትርጉም ዛሬም አለ። ቅጠሉም ሥሩም መድኃኒት ይባል ነበር። ክኒንና መርፌ ሲመጡ ግን የመስኩን መሃል ያዙ። አሁን «መድኃኒት ቤት» ፋርማሲ ነው፤ ለቅጠሉ «የባህል መድኃኒት» ወይም «የሐበሻ መድኃኒት» ማለት ያስፈልገናል። ቃሉ ያው ነው፣ ድንበሩ ግን ጠበበ። አያቴም ጥያቄውን የሰሙት ሐኪም ቤት ውስጥ ስለሆነ ያሰቡት ክኒን ብቻ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ጉድለት አለው። ትሪር ቃላትን ክፍተት ሳይኖራቸው ጎን ለጎን እንደተገጠሙ ጠጠሮች ያያቸዋል። በእውነቱ ግን ይደራረባሉ፤ «መድኃኒት አደረጉበት» ሲባል እኮ መጉዳት እንጂ ማዳን አይደለም።

ቢሆንም ለእኛ ለነርሶች ይጠቅመናል፤ አንዳንድ ዕፅዋት ከታዘዘ ክኒን ጋር ሊጋጩ ይችላሉና። ስለዚህ ለቤተሰብ ስታስተረጉሙ የቃሉን ጎረቤቶችም ጠይቁ፦ «ለጤናዎ ብለው የሚበሉት፣ የሚጠጡት ወይም የሚቀቡት ነገር አለ?» አያቴን እንዲህ ስጠይቃቸው መልሳቸው ረጅም ሆነ።