ኢንዛይም የማይሻው የስኳር መለኪያ

ስኳር ያለበትን ሰው የሚያስጨንቀው የመለኪያ ማሽኑ አይደለም፤ እሱ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። የሚያልቀው፣ የሚበላሸውና ኪስ የሚያራቁተው የደም ጠብታ የሚነካበት ስትሪፕ ነው። ደሙ በሚሳብበት ቀጭን ቦይ ውስጥ የደረቀ ኢንዛይም ተቀብቷል። በብዙዎቹ ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ሲሆን፣ የሚመረተው አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ጥቁር ሻጋታ ነው። ኢንዛይሙ ከግሉኮስ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ኤሌክትሮኑ በአሸጋጋሪ ኬሚካል በኩል ኤሌክትሮዱ ላይ ሲደርስ ትንሽ ኮረንቲ ያልፋል፤ ማሽኑም ኮረንቲውን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ኢንዛይምንና ኤሌክትሮድን የማጣመሩን ሐሳብ ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ ያቀረቡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው።

ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ይጎዱታል። የስትሪፕ ብልቃጥ እርጥበት መጣጭ ያለው፣ ብዙውን ጊዜም ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ የሚጻፍበት ለዚህ ነው። የጎጃሟ አዴት 2,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ሙቀቱ ብዙም አያሰጋት፤ የሚያሰጋት ክረምቱ ነው። ለጎረቤት ሁለት ፍሬ ስትሪፕ በወረቀት ጠቅልሎ መስጠት ደግነት ነው፤ በሐምሌ ጭጋግ ግን ያ ስትሪፕ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። ከቡሬ ተነስቶ ወደ ነቀምት የሚያቀና ሾፌር ደግሞ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መኪናው ውስጥ የተወው ብልቃጥ በሙቀት ይጎዳበታል።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ኦክስጅን ከአሸጋጋሪው ኬሚካል ጋር ለኤሌክትሮኑ ይሻማል። አየሩ ሲሳሳ ሽሚያው ስለሚቀንስ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያለው ስትሪፕ ስኳሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። አዴት ላይ ይህ ብዙም አያስፈራም፤ ወደ ጮቄ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን ማወቁ አይከፋም።

ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን አስወጥተው በቦታው ኒኬል፣ መዳብ ወይም ኮባልት ሊተኩ የሚደክሙት ከዚህ ሁሉ ለመገላገል ነው። ብረት በአንድ ክረምት አይበላሽም። ኒኬልን እንይ፦ ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ቮልቴጅ ሲሰጠው ኤሌክትሮን ያጣና ኦክሲሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ያጣውን ከግሉኮስ ይነጥቃል፤ ግሉኮሱ ግሉኮኖላክቶን ይሆናል፣ ኒኬሉም ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሶ ሌላ ግሉኮስ ይጠብቃል። ግሉኮሱ በበዛ ቁጥር ኮረንቲውም ይጨምራል። ብረቱን እስከ ናኖሜትር፣ ማለትም እስከ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ድረስ ማድቀቁ የሚጠቅመው አሞሌ ጨው ሲፈጭ ከድፍኑ ቶሎ በሚሟሟበት ምክንያት ነው፦ ፈሳሹን የሚነካው ገጽ ይሰፋል።

ታዲያ ለምን ፋርማሲ አልደረሰም? ይህ የኒኬል ዑደት በደንብ የሚዞረው ኮስቲክ ሶዳ ባለበት፣ ፒኤች 13 አካባቢ ነው። የሰው ደም ፒኤች ደግሞ 7.4 ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠብታውን ሶዳው ላይ መጨመር ቀላል ነው፤ ጣቷን ወግታ ደሟን የምትለካ እናት ግን ኮስቲክ ሶዳ ልትበጠብጥ አትችልም። ከዚህም ሌላ ኢንዛይም ግሉኮስን ለይቶ ሲያውቅ ብረቱ ፍሩክቶስንም፣ ቫይታሚን ሲንም፣ ዩሪክ አሲድንም ያገኘውን ሁሉ ኤሌክትሮን ይነጥቃል።

በዘርፉ ጽሑፎች አንድ ነገር ያናድደኛል፦ እጅግ ጥቂት ግሉኮስ ማየት ችለናል የሚለው ፉክክር። የስኳር በሽታ መለያው በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ነው፣ ለማየት አያስቸግርም። የጣት ደም የሚሻው ረቂቅ ዓይን ሳይሆን፣ በደሙ በራሱ ፒኤች የሚሠራና ከሌላው የሚለይ ብረት ነው። ረቂቅነቱ የሚያስፈልገው ስኳሩ በጣም አነስተኛ ለሆነበት ላብና ምራቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ኤሌክትሮዱ ላይ ለአፍታ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ በመስጠት፣ ሶዳ ሳይጨመር፣ እዚያው ገጹ ላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ አልካሊ የማድረግ ዘዴ ነው።

ለእኛ አገር ኤሌክትሮድ እንግዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ገጹ በፖሊመር በተለበጠ ኤሌክትሮድ የቡናን ካፌይን ለክተዋል። ለጎጃምም የኒኬሉ ኤሌክትሮድ መጀመሪያ የሚጠቅመው ከጣት ይልቅ ለማር ይመስለኛል። ማር በብርጭቆ ተበጥብጦ ሶዳ ቢጨመርበት የሚጎዳ ሰው የለም። ብረቱ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን አለመለየቱም እዚያ ብዙ አይጎዳም፤ የማር ጥራት ሲመዘን የሁለቱ ድምር ራሱ አንዱ መለኪያ ነውና።