መደርደሪያውን የሚያውቁት ሰውዬ፦ ከዳታቤዝ ጋር ትውውቅ

መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሄደ ሰው መዝገብ ቤትን ያውቃል። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ አቧራ የጠገቡ ፋይሎች እስከ ጣሪያ የተከመሩበት ክፍል ነው። ውስጡ ካኪ ጋዋን የለበሱ አንድ አዛውንት አሉ። ስምዎን ሲነግሯቸው ምንም አያገላብጡም፤ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው «ከመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች» ይላሉ። ፋይሉም ከዚያው ይወጣል። እኚህ ሰው የዓመት ፈቃድ የወጡ ዕለት ግን መልሱ «ነገ ይመለሱ» ነው። ጡረታ የወጡ ዕለትማ ፋይልዎ ሳይቃጠልና ሳይሰረቅ ጠፋ ማለት ነው።

ዛሬ «ነገ ይመለሱ»ን የተካው «ሲስተም የለም» ነው። ሲስተም የምንለው ነገር ብዙ ነው፤ ኔትወርኩም መብራቱም ኮምፒውተሩም አለበት። ከሁሉም ሥር ግን የመዝገብ ቤቱን ሥራ የወረሰው ዳታቤዝ ተቀምጧል። በአማርኛ «የመረጃ ቋት» ተብሏል። ቃሉን ብወደውም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቋት እህል ማጠራቀሚያ ነው፤ አንዴ ከገባ አንዱ ፍሬ ከሌላው አይለይም። ዳታቤዝ ውስጥ ግን እያንዳንዷ ፍሬ ስትጠራ አቤት ማለት አለባት። ያን የሚያደርገው ቋቱ ሳይሆን ጠባቂው ነው፤ ማለትም የሚያስገባው፣ የሚያወጣው፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነው ሶፍትዌር። ባለሙያዎቹ ዲቢኤምኤስ የሚሉት፣ የዳታቤዝ አስተዳደር ሥርዓት የሚባለው እሱ ነው። ይህ ጽሑፍም ስለ ጠባቂው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950ዎቹ ጠባቂ የሚባል አልነበረም። መረጃው በተበሱ ካርዶችና በማግኔት ቴፕ ላይ ይቀመጥ ነበር። ካሴት በእርሳስ ያጠነጠነ ሰው የቴፕን ችግር ሳይነግሩት ይረዳል፦ መጨረሻ ላይ ያለውን ዘፈን ለመስማት ሌላውን ሁሉ ማለፍ ግድ ነው። በ1956 የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ራማክ የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ይህ ተቀየረ። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ዲስኮች እላይ በላይ የተደረደሩበት፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ግዙፍ ነገር ነው። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ከሚያነሳት አንዲት ጥሩ ፎቶ የማይበልጥ። ቁም ነገሩ ግን መጠኑ አልነበረም። ማንበቢያው ሌላውን ሳያነብ በቀጥታ ወደተፈለገው ቦታ መሄድ ቻለ። መደርደሪያ ተገኘ ማለት ነው። መደርደሪያ ካለ ደግሞ መደርደሪያውን የሚያውቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ጠባቂ የሠራው ቻርልስ ባክማን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ። አይዲኤስ በተባለው ሥርዓቱ አንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚጠቁም ምልክት ይይዛል። የደንበኛው መዝገብ ወደ መጀመሪያ ትእዛዙ፣ እሱ ወደ ሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራም ጸሐፊው ሥራው ምልክቱን እየተከተለ መጓዝ ነው። ባክማን በ1973 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ ሲቀበል ያደረገውን ንግግር ራሱ ፕሮግራመሩን ከመርከብ መሪ ጋር የሚያመሳስል ርእስ ሰጥቶታል።

አይቢኤም ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ገጥሞት ነበር። ሰው ወደ ጨረቃ ለሚወስደው የአፖሎ ፕሮግራም የሚሠሩት ኩባንያዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሮኬት ክፍሎችን መቆጣጠር ነበረባቸው። ሞተሩ ከምን ከምን ተሠራ፣ ፓምፑ በውስጡ ምን አለው፣ የፓምፑ ብሎን ከየት መጣ፤ እንደ ዘር ሐረግ ወደ ታች የሚወርድ ዝርዝር ነው። አይኤምኤስ የተባለው ሥርዓት በዚሁ የዛፍ ቅርጽ ተሠራ። በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳውኒ በተባለች ከተማ፣ ከእነዚሁ ኩባንያዎች አንዱ በሆነው በሮክዌል ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፤ አይኤምኤስ ግን እስከ ዛሬ በትልልቅ ባንኮች እየሠራ ነው።

የሁለቱም ጉድለት የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ጉድለት ነው። መልሱን ለማግኘት መንገዱን ማወቅ ግድ ይላል። «ከብሎኑ ተነሥቼ የትኛው ሞተር ውስጥ እንዳለ ልወቅ» ያለ ሰው ዛፉን ከሥሩ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ዛፉ የተሠራው ግን ለመውረድ ነው። መደርደሪያው ቦታ ከተቀየረ ደግሞ በድሮው መንገድ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ይጻፋል።

ይህ ያስመረረው ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም የሂሳብ ሊቅ ነበር። እንግሊዛዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ የነበረ። በ1970 አሥራ አንድ ገጽ የሆነች ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር፤ የት እንዳለ ማወቅ የጠባቂው ፈንታ ይሁን።

ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈሬ እድር ደብተር ይበቃል። ጸሐፊው በየወሩ መዋጮ ሲቀበሉ በአንድ መስመር ላይ የአባሉን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ወሩንና ብሩን ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። አንዲት እናት ቤት ቀየሩ። ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ አዲሱን ቁጥር ጻፉ፤ የድሮዎቹን ገጾች ግን ማን ይነካቸዋል? ለቅሶ ሲደርስ ሌላ ሰው ደብተሩን ገልጦ መጀመሪያ ያገኘውን አድራሻ አነበበ፤ ድንኳኑም ከወንዙ ማዶ ወደ ድሮው ቤታቸው ሄደ። አንድ እውነት በአሥር ቦታ ከተጻፈ አንድ ቀን አሥር ዓይነት ይሆናል።

ኮድ ቢሆን ደብተሩን ለሁለት ይከፍለው ነበር። በአንደኛው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ አባል አንድ ረድፍ ብቻ ይኖረዋል፦ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ቤት፣ ስልክ። በሁለተኛው ክፍያ ብቻ ይመዘገባል፦ የአባል ቁጥር፣ ወር፣ ብር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ነው፤ ባለሙያዎቹ ቁልፍ ይሉታል። ቤት የቀየረ ሰው አድራሻው የሚስተካከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ድንኳኑም አይሳሳትም።

አይቢኤም ከአይኤምኤስ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ ስለነበር ለገዛ ሠራተኛው ሐሳብ አልቸኮለም። ሲስተም አር የተባለው የሙከራ ሥራ በሳን ሆዜ ቤተ ሙከራው የተጀመረው ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1974 እዚያው ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ ሴኩዌል ያሉትን መጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። ስሙ በሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክትነት የተያዘ ሆኖ በመገኘቱ አናባቢዎቹ ወድቀው ኤስኪውኤል ሆነ። ቦይስ በዚያው ዓመት በድንገት ስላረፈ ቋንቋው ዓለምን ሲያዳርስ አላየም። የእድራችንን ጥያቄ በዚህ ቋንቋ እንጠይቅ ብንልና ቃሉን ወደ አማርኛ ብናመጣው ይህን ይመስላል፦

ምረጥ፦ ስም፣ ስልክ
ከ፦ አባላት
የሚከተለው ሲሟላ፦ የአባል ቁጥሩ በጥቅምት ክፍያዎች ውስጥ የለም

አለቀ። የጥቅምትን ያልከፈሉት ዝርዝር ይወጣል። «ሦስተኛው መደርደሪያ» የሚል ቃል የለበትም። መንገዱን የሚመርጠው ጠባቂው ራሱ ነው፤ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ላንብ ወይስ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ባለው አጭር ዝርዝር በኩል ልግባ ብሎ ወጪውን ያሰላል። ይህን ስሌት በ1979 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ፓትሪሺያ ሴሊንጀር ናት። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት እሱ ነው፤ የኮድ ሐሳብ ውብ ቢሆንም አዝጋሚ ነው ይሉ የነበሩትን አፍ ያስያዘው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነውና።

ሌላው ቁም ነገር ገንዘብን የሚመለከት ነው። ለእህቴ በስልኬ 500 ብር ልላክ። ለእኔ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ጽሑፍ፦ ከእኔ ይቀነስ፣ ለእሷ ይጨመር። የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ድርግም ቢልስ? ብሩ ከእኔ ወጥቷል፤ እሷ ዘንድ አልደረሰም። ጠባቂው ለዚህ ያለው ዘዴ ጥንቁቅ ገንዘብ ያዥ ከሚያደርገው አይለይም። ዋናውን ሰንጠረዥ ከመንካቱ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን ሎግ በሚባል ሌላ ደብተር ይጽፋል፤ ሁለቱም ሲያልቁ የማጠናቀቂያ ምልክት ያኖርበታል። መብራቱ ሲመለስ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ሎጉን ነው። ምልክት ያለውን ያጸናል፤ ምልክት የሌለውን እንዳልተደረገ ቆጥሮ ይሽራል። ወይ ሙሉው ይሆናል ወይ ምንም አልሆነም። ትራንዛክሽን ይሉታል። ለባሕር ዳር አውቶቡስ የቀረችውን አንዲት ወንበር ሁለት ሰዎች በአንድ ሴኮንድ ሲጠይቁ አንዱን «ቆይ» የሚለውም ይኸው ሥርዓት ነው።

ይህን ጥበብ ከማንም በላይ ያሳደገው ጂም ግሬይ በ1998 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቶታል። በጥር 2007 የእናቱን አመድ ባሕር ላይ ሊበትን ከሳን ፍራንሲስኮ በጀልባ ብቻውን ወጣ፤ አልተመለሰም። ጓደኞቹ የሳተላይት ፎቶ ሳይቀር እያስነሡ ፈለጉት፤ ጀልባውም እሱም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ኤስኪውኤልን ለገበያ በማቅረብ የቀደመው ግን አይቢኤም አልነበረም። ላሪ ኤሊሰንና ሁለት ጓደኞቹ በ1977 ትንሽ ኩባንያ አቋቁመው፣ አይቢኤም ራሱ በግልጽ ያሳተማቸውን ጽሑፎች እያነበቡ ኦራክልን ሠሩ። በ1979 ሲሸጡት «ሁለተኛ እትም» አሉት፤ አንደኛ እትም ለገበያ አልቀረበም። የመጀመሪያ የሆነ ነገር ገዢ አይደፍረውም ብለው ነው። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ስቶንብሬከር ቡድን የሠራው ኢንግረስ ደግሞ ፖስትግሬስን ወለደ፤ የዛሬው ፖስትግሬስኪውኤል የሱ ልጅ ነው፤ በነፃ ይገኛል። በ1995 በወጣው በሌላው ዳታቤዝ፣ በማይኤስኪውኤል፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው «ማይ» የእንግሊዝኛዋ እንዳትመስልዎ፤ ከሠሪዎቹ የአንዱ፣ የፊንላንዳዊው የሚካኤል ዊደኒየስ፣ ልጅ ስም ናት። ኩባንያው ተሸጦ ኦራክል እጅ ሲገባ ሰውዬው ማሪያዲቢ የሚባል ሌላ ሠራ። ማሪያ ታናሽ ልጁ ናት።

በብዛት ግን ሁሉንም የሚያስከነዳው ኤስኪውላይት ነው። በ2000 ሪቻርድ ሂፕ የጻፈው፣ ለአሜሪካ የጦር መርከብ ሶፍትዌር ሲሠራ ባጋጠመው ችግር ተነሥቶ ነው፤ ዋናው ዳታቤዝ «የለም» ባለ ቁጥር ነቀፌታው ወደ እሱ ይመጣ ነበርና። እነሆ «ሲስተም የለም» የወለደው በጎ ነገር። አሁን ኪስዎ ባለው ስልክ ውስጥ አለ፤ የስልክ ቁጥሮችዎንና መልእክቶችዎን የሚይዘው እሱ ነው።

ጎግል በ2006፣ አማዞን በ2007 መረጃቸው በአንድ ማሽን አልችል ሲላቸው በሺህ ማሽኖች የሚበትኑበትን ሥርዓት በጽሑፍ ገለጡ። ለፍጥነቱ ሲሉ የሰንጠረዡን ሥርዓትና የትራንዛክሽኑን ቃል ኪዳን አላሉት፤ ኖኤስኪውኤል የሚባለው ጎራ የመጣው ከዚህ ነው። ጎግል ራሱ በ2012 ስፓነር ባለው ሥርዓት በአቶሚክ ሰዓት እየታገዘ ወደ ትራንዛክሽን ተመለሰ። ለአንድ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት «የጎግልን ዓይነት» የሚያቀርብ ሰው ቢያጋጥምዎ አንድ ፖስትግሬስኪውኤል እንደሚበቃዎት ይንገሩት።

ወደ አገራችን መዝገብ ስንመለስ የሚቸግረው ሌላ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ሦስቱም የሚመሳሰሉ ሰዎች በአንድ ወረዳ አይጠፉም፤ ስለዚህ ስም ቁልፍ ሊሆን አይችልም። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ 12 አኃዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ደግሞ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ጆሯችን አንድ ይላቸዋል፤ ዳታቤዙ ግን ጆሮ የለውም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም፣ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም በ«ኀ»ም ይጻፋል፤ ስድስት መልክ ነው፤ ካላስተማሩት በቀር ለእሱ ስድስት ሰዎች ናቸው። የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ይህን በፈገግታ ያልፉት ነበር።

ስለዚህ ልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀት ሲያስወጡለት ስሙ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ከመስኮቱ ሳይነሡ ይዩ፤ በትምህርት ቤቱም፣ በባንኩም፣ በመታወቂያውም ያንኑ ፊደል ያስጽፉ።