ኦሪትና ታልሙድ፤ ስለ አይሁድ ሃይማኖት ጥቂት ቃላት

በአገራችን ስለ አይሁድ ሃይማኖት ሲነሣ ብዙ ሰው «የኦሪት ሃይማኖት ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚገልጹት ቃላት ማለት ሚሽና፥ ታልሙድ፥ ሐላካ በአማርኛ መጻሕፍት እምብዛም ስለማይገኙ፥ አይሁዳዊ የሚባለው ሰው ምን እንደሚያምንና እንዴት እንደሚኖር ለመረዳት ያስቸግረናል። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በቤተ እስራኤል ላይ ከደረሰው ነገር ኋላ እናየዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ኦሪት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ ከግዕዝ ሥር የወጣ አይደለም፤ «ኦራይታ» ከሚለው የአራማይስጥ ቃል የመጣ ነው። ኦራይታ ደግሞ በዕብራይስጥ «ቶራ» የሚባለው ነው። ቶራን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች «ኖሞስ» ማለት ሕግ ስላሉት፥ በእኛም ዘንድ ኦሪት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ትእዛዝና ቅጣት ነው። በዕብራይስጥ ግን የቃሉ መነሻ ማመልከት፥ ማሳየት ማለት ስለሆነ «ትምህርት» ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። የመጻሕፍቱም ቍጥር ይለያያል። እኛ ስምንቱ ብሔረ ኦሪት ስንል ኢያሱን፥ መሳፍንትንና ሩትን ጨምረን ነው፤ አይሁድ ቶራ ሲሉ ግን በጠባቡ ትርጉም አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ብቻ ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ ግዕዝ የገቡ ሌሎች ቃላትም አሉ። «ምጽዋት» ለእኛ ለድኻ የሚሰጥ ነው፤ በዕብራይስጥ ግን «ሚጽዋ» ማናቸውም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሲሆን፥ ሊቃውንቱ በቶራ ውስጥ 613 ሚጽዋዎች አሉ ብለው ይቈጥራሉ። በጥንት ጊዜ የፍልስጥኤም አይሁድ ቃሉን ለይተው ለድኻ ስጦታ ይሉት ስለነበር ወደ እኛ የደረሰው በዚህ ትርጉሙ ይመስላል። «ታቦት» እና «ጣዖት»ም ከአራማይስጥ የመጡ ናቸው። እነዚህ ቃላት ከክርስትና በፊት በአይሁድ ቃል ወይስ ኋላ በሶርያ መነኮሳት አማካይነት ገቡ የሚለው ሊቃውንትን እስካሁን ያከራክራል።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንለፍ። በ70 ዓ.ም. የሮማው ጦር አለቃ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። እስከዚያ ድረስ የሃይማኖቱ እምብርት ካህኑና መሥዋዕቱ ነበሩ። መሠዊያው ከጠፋ በኋላ ምን ይደረግ? ዮሐናን ቤን ዛካይ የተባሉት መምህር ያብኔ በተባለች ከተማ ሊቃውንትን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ጸሎትና ጥናትም በመሥዋዕት ቦታ ገቡ። የእነዚህ መምህራን ትምህርት በአብዛኛው ከፈሪሳውያን የወረደ ነው። እኛ ፈሪሳዊን የምናውቀው ከወንጌል ስለሆነ ቃሉ ለግብዝ መስደቢያ ሆኖ ቀርቷል፤ አይሁዳዊው ግን የሃይማኖቱ አባቶች አድርጎ ያያቸዋል። «ረቢ»ም ማለት መምህሬ ማለት እንጂ ካህን ማለት አይደለም። ካህንነት በዘር ይወረሳል፤ ረቢነት በትምህርት ይገኛል።

መምህራኑ እንደሚሉት ሙሴ በሲና የተቀበለው ቶራ ሁለት ነው፤ አንዱ የተጻፈ፥ ሌላው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ። የአፉ ትምህርት በ200 ዓ.ም. ገደማ በይሁዳ ሃናሲ እጅ በስድስት ክፍል ተዘጋጀ፤ ይህም «ሚሽና» ይባላል፥ መድገም ማለት ነው። በሚሽና ላይ ከተደረገው የብዙ ትውልድ ክርክር ታልሙድ ተገኘ። አንዱ በፍልስጥኤም፥ ሌላውና የበለጠ ሥልጣን ያለው በባቢሎን ተሰብስቧል፤ የባቢሎኑ በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ ቅርጹን እንደያዘ ይገመታል። «ታልሙድ» ከእኛው «ለመደ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጥናት ማለት ነው። ታልሙድን ከፍቶ ያየ ሰው የሕግ ዝርዝር ሳይሆን ክርክር ያገኛል። የሂሌል ወገን እንዲህ አለ፥ የሻማይ ወገን ግን እንዲያ አለ እያለ የተረታውንም ሰው ቃል ሳይጥል ያስቀምጣል። የአንድምታ ጉባኤ ተቀምጦ መምህሩ «አንድም» እያሉ ሲያወርዱ የሰማ ተማሪ አካሄዱ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህ ክርክር የሚወጣው የኑሮ ሥርዓት «ሐላካ» ይባላል፤ ቃሉ መሄድ ከሚለው የተገኘ ነው።

የአፉ ትምህርት በኑሮ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ እንይ። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። ረቢዎቹ የተከለከለው ማንደዱ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ የበራ መብራት ቢቈይ ግን አይከለከልም ብለው ፈረዱ፤ እንዲያውም ዓርብ ማታ መብራት ማብራት ግዴታ ሆነ። በሰንበት የሚከለከሉትንም ሥራዎች ሚሽና 39 አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በ8ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ አናን ቤን ዳዊት ከተነሣ ወዲህ የተለዩት ቀራውያን ግን የአፉን ትምህርት አንቀበልም ስላሉ ብዙዎቹ የሰንበትን ሌሊት በጨለማ ያሳልፉ ነበር።

በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም (ሌላው ሰው ፈላሻ ይላቸው ነበር፤ ስሙን ግን እነርሱ አይወዱትም) ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳታቸውን ያጠፉ፥ በሰንበትም የቀዘቀዘ ምግብ ይበሉ ነበር። ይህን ያደረጉት እንደ ቀራውያን ታልሙድን ክደው አይደለም፤ ታልሙድ ስላልደረሳቸው ነው። መጽሐፋቸው በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነበር። በረቢ ፈንታ ቄስ፥ ከዚያም አልፎ መነኩሴ ነበራቸው፤ ምንኵስና ደግሞ በሌላው ዓለም አይሁድ ዘንድ የለም። የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ የፋሲካውንም በግ ይሠዉ ነበር።

በ16ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ፥ እነዚህ ሰዎች ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው፥ ነገር ግን የአፉን ትምህርት አያውቁም ብለው ጽፈዋል። በ1973 የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ይህንኑ መሠረት አድርገው አይሁድነታቸውን አጸደቁ፤ በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲጸናላቸው ፈቀደ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ደግሞ በሱዳን በኩል ብዙ ሺሕ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከደረሱ በኋላ ነው። በሐላካ አንዲት ሴት ስትፈታ «ጌት» የሚባል በሥርዓቱ የተጻፈ የፍች ወረቀት ልትቀበል ይገባታል። ያለ ጌት ሌላ ባል አግብታ ብትወልድ ልጁ «ማምዜር» ይባላል፤ ከማኅበሩም ጋር መጋባት አይችልም። ቤተ እስራኤል በሽማግሌዎቻቸው ፊት እንደ አገር ልማድ ይፋቱ ስለነበር ዋናው ረቢነት ጥርጣሬ ገባው። በሰውየው አይሁድነትም ጥርጥር አለ ቢባል፥ ሁሉም እንደ አዲስ ገቢ ተቈጥረው ቢጠመቁ የፍቹ ጥያቄ ይቀራል በማለት «ግዩር» የሚባለውን ሥርዓት ለጥንቃቄ ያህል ጠየቀ። መጀመሪያ ከወንዶች የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር፤ ያ ሲቀር በውሃ መጥለቁ ግን ጸና።

በመዝገብ ላይ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ሳሉ ከእንግዳ ሰው ጋር ከተነካኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው የማይገቡ፥ በዚህም የተነሣ ጎረቤት «አትንኩኝ» እያለ የሚጠራቸው፥ ሴቶቻቸውም በወር አበባ ጊዜ ወደ መርገም ጎጆ የሚወጡ ነበሩ። ለዚህ ሥርዓት ብለው ብዙ ስድብና መከራ ከቻሉ በኋላ ለአይሁድነታቸው ታጠቡ መባሉ እጅግ አሳዘናቸው። በ1985 በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃውሞ አሰሙ። እኔ እንደማየው ረቢዎቹ በክፋት አላደረጉትም፤ ሐላካቸውን ተከትለው ነው። ነገር ግን የሚዳኙበት መጽሐፍ ለተዳኙት ፈጽሞ ያልደረሳቸው መሆኑን በቂ ግምት አልሰጡትም። በኋላ የኔታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለዚህ ሥርዓት ያጋቧቸው ስለ ጀመር ብዙዎች ወደ እርሳቸው ሄደዋል።

የቄሶቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአገራቸው የሚያጋቡት፥ የሚያፋቱትና የሚዳኙት እነርሱ ሳሉ፥ በእስራኤል ጋብቻና ፍች በረቢዎች እጅ ስለሆነ ሥልጣናቸው ጠበበ። ከበዓላቱ ግን አንዱ ተቀባይነት አግኝቷል። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለውን ስግድን የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል አድርጎታል። በዚያ ቀን ሕዝቡ ጾሞ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል፤ ቄሶቹም ባለ ጥልፍ ጥላቸውን አስይዘው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ።