ማዳበሪያችን የሚያልፍበት ባሕርና የወንበዴዎቹ ሂሳብ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ሩቅ ናት። ሆኖም በምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ ማሳ የሚበተነው ማዳበሪያ በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው የሚገባው። ጂቡቲ ደግሞ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳር ያለች ወደብ ናት። የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ጉዳይ ለጎጃም ገበሬም ጉዳዩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የወንበዴዎቹን ንግድ ከውስጥ የሚያሳይ አንድ የኮምፒውተር ጌም አለ። «ካትስሮት ካፒታሊዝም» ይባላል፤ ዋየርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2009 እ.ኤ.አ. አወጣው። ተጫዋቹ የወንበዴ አለቃ ይሆናል። ከጎሳ መሪዎችና ከሌሎች ባለሀብቶች 50,000 ዶላር ተሰጥቶት መርከብ ያድናል፣ ከማረከም ማስለቀቂያውን ይደራደራል። ቶሎ ከተስማማ ገንዘቡ ያንሳል፤ ቢያዘገይ ደግሞ ወጪው ይበላዋል።

እውነተኛውም ንግድ እንዲሁ ነበር። የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታት የወንጀል መከላከያ ቢሮና ኢንተርፖል በ2013 እንዳወጡት፣ ከ2005 እስከ 2012 ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ማስለቀቂያ ተከፍሏል። ባለሀብቶቹ ከ30 እስከ 75 በመቶ ይወስዱ ነበር። መርከቡ ላይ ለሚወጣው ወጣት ለአንድ መርከብ ከ30,000 እስከ 75,000 ዶላር ይደርሰው ነበር፤ ቀድሞ የወጣ ወይም የራሱን መሣሪያ ይዞ የመጣ ጉርሻ ነበረው። ጫቱን በዱቤ፣ ያውም በተጋነነ ዋጋ ስለሚወስድ ግን ብዙው ሳይጨብጠው ይቆረጥበት ነበር።

ጌሙን የምነቅፈው በአንድ ነገር ነው፤ የውጭውን ሰው ኪሳራ አያሳይም። ያው ባንክ ወንበዴነቱ የዓለምን ኢኮኖሚ በዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያሳጣ ገምቶ ነበር። ስምንት ዓመት ከተሰበሰበው ማስለቀቂያ ጋር ሲተያይ እጅግ ያስቆጫል። የለንደን መድን ሰጪዎች በ2008 ባሕረ ሰላጤውን የጦርነት አደጋ ቀጠና ብለው ከመዘገቡት ወዲህ መርከቦች ተጨማሪ አረቦን ይጠየቁ ነበር፤ ጠባቂና ነዳጅም ተደረበበት። በሰኔ ማዳበሪያ የሚጠብቅ የጎዛምን ገበሬ በዚህ ጌም ውስጥ ቢገባ ምንኛ በወደድኩ!

ወንበዴነቱ ለምን እንደ ቀነሰ ግን ጌሙ በደንብ ያስረዳል። የጦር መርከቦች ሲበዙና የንግድ መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ ሲይዙ የመማረክ ዕድሉ ጠበበ፤ ባለሀብቱም ገንዘቡን ሰበሰበ። በ2023 መጨረሻ የዓለም የጦር መርከቦች ዓይን በቀይ ባሕር ላይ ወዳለው የሁቲዎች ጥቃት ሲዞር፣ ወንበዴዎቹ በታኅሣሥ ሩየን የተባለችውን የጭነት መርከብ ማረኩ። የሕንድ ባሕር ኃይል ያስለቀቃት ከሦስት ወር በኋላ ነው።