ማቴራ ከሄዳችሁ እደሩ

በስቅለት ሰሞን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት»ን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ሜል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለዕይታ ባበቃው በዚህ ፊልም ውስጥ፣ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ሲወጣበት የምናየው ያ ድንጋያማ ዳገት ታዲያ ኢየሩሳሌም አይደለም። ደቡብ ጣሊያን ነው፤ ማቴራ የምትባል ከተማ። ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒም ከእሱ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ወደ ፊልም ሲያመጣ ኢየሩሳሌምን ያገኛት እዚያው ነው። የጄምስ ቦንድ ወዳጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» መጀመሪያ አካባቢ መኪናው በጠባብ የድንጋይ መንገዶች ሲከንፍ አይታችኋታል። ስሟን ሳናውቅ መልኳን የለመድናት ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ማቴራን በአጭር ጊዜ ማየት ለሚያስቡ ነው። በትምህርት፣ በስልጠና ወይም በዘመድ ጥየቃ ጣሊያን ለምትሄዱ፤ እዚያው አውሮፓ ሆናችሁ የሁለት ቀን ዕረፍት የት እንደምታሳልፉ ለምታወጡ ለምታወርዱ። አብዛኛው ጎብኚ ጠዋት ከባሪ ይመጣል፣ ሦስት አራት ሰዓት ይዞራል፣ ፎቶውን ፖስት ያደርጋል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ አንድ ሌሊት እደሩ። ደግሞም ከውበቷ በፊት ታሪኳን እዩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከተማዋን ሳታዩአት ትመለሳላችሁ።

መጀመሪያ ግን መንገዱን እንጨርስ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቪዛው የሼንገን ነው፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ሚላንም ያደርሳችኋል። ከሮም እስከ ባሪ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ባሪ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ስትሆን ከማቴራ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

እዚህች ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። የጣሊያን ዋናው ባቡር ማቴራ አይገባም። ባሪ ወርዳችሁ፣ ከዋናው ጣቢያ አጠገብ ካለው ሌላ ጣቢያ «ፋል» የሚባለውን የአካባቢ ባቡር መያዝ ነው፤ ትኬቱም ለብቻው ነው። ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ባቡር አልታሙራ ላይ ሊያስቀይራችሁ ስለሚችል ስትሳፈሩ ጠይቁ። ማቴራ የሚል ስም ያለው ጣቢያ ከአንድ በላይ ስለሆነ «ማቴራ ቼንትራሌ» እስኪባል እንዳትወርዱ። በእሁድና በበዓል ቀን ፕሮግራሙ ከሌላው ቀን ስለሚለይ ሰዓቱን ከዋዜማው ማየት ነው። በቃ፣ የመንገዱ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከተማዋ እንግባ። ማቴራ የተቀመጠችው ግራቪና በሚባል ጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ የምታዩት እንደ ማንኛውም የጣሊያን ከተማ ነው፤ ካፌ፣ ፎቅ፣ ባንክ። ትንሽ ስትራመዱ ግን መሬቱ ድንገት ከፊታችሁ ይጠፋና፣ እግራችሁ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ የድንጋይ ሰፈር ይከፈታል። «ሳሲ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ድንጋዮች ማለት ነው። ሁለት ሰፈሮች ናቸው፤ ሳሶ ካቬዮሶ እና ሳሶ ባሪሳኖ። በመካከላቸው ያለው ጉብታ ቺቪታ ይባላል፤ አናቱ ላይ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራል ቆሟል።

ድንጋዩ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ በመሣሪያ ይፈለፈላል። ሰዎቹ ወደ ውስጥ ይቆፍሩና፣ ያወጡትን ድንጋይ ጠርበው የፊቱን ግድግዳ ይሠሩበታል። ስለዚህ ከውጭ ቤት የሚመስለው ከውስጥ ዋሻ ነው። የአንዱ ጣሪያ የሌላው መንገድ ነው። የስልካችሁ ካርታ እዚህ የሚሸነፈውም ለዚህ ነው፤ ካርታው ከላይ ነው የሚያየው፣ ከተማዋ ደግሞ ደርብ በደርብ ናት። «100 ሜትር ቀረው» ያላችሁ ቦታ ሦስት ጣሪያ ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

ላሊበላን ያየ ሰው ማነጻጸር ይጀምራል፤ ተፈጥሯዊ ነው። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ላሊበላ የተፈለፈለው ለጸሎት ነው። ማቴራም በገደሉ ዙሪያ ከ150 በላይ ዋሻ አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ ሳሲ ግን ከምንም በላይ መኖሪያ ሰፈር ነው። ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ከበቅሎው ጋር አንድ ክፍል አድሮ የሞተበት።

የበቅሎው ነገር ቀልድ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕዝቡ ቁጥር ሲበዛ፣ ድሮ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለከብት የነበሩ ዋሻዎች ሁሉ ሰው ገባባቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፤ ከበሩ በላይ አንድ መስኮት። አባት፣ እናት፣ ስድስት ሰባት ልጅ፤ ከአልጋው ጀርባ በቅሎ፣ ከአልጋው ሥር ዶሮ። የሣጥኑ መሳቢያ ይሳብና ለሕፃኑ አልጋ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ የለም፣ መብራት የለም። ወባና የዓይን ማዝ ሰፈሩን ጨርሰውት ነበር፤ በሕፃንነታቸው የሚሞቱት ልጆች ቁጥርም ከጣሊያን አማካይ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ይህንን ለዓለም የነገረው ካርሎ ሌቪ ነው። የቱሪን ሰው፤ ሐኪም፣ ሠዓሊ፣ ጸሐፊ። የሙሶሊኒ ተቃዋሚ ስለነበር በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ ማቴራ አውራጃ ተግዞ አሊያኖ በምትባል የገጠር ከተማ ተቀመጠ። ሐኪም የነበረችው እህቱ ልትጠይቀው ስትመጣ በማቴራ አለፈች፤ ያየችውንም ነገረችው። በ1945 ባሳተመው «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቆመ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ የሳሲ ልጆች እየተከተሉ የሚለምኗት ሳንቲም ሳይሆን ኪኒን ነው፤ የወባ መድኃኒት። መጽሐፉ ሲወጣ ጣሊያን ደነገጠች።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ሌቪ በግዞት የነበረበትን ዘመን አስቡት። ሮም አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ጭና ወደ ኢትዮጵያ የዘመተችበት ጊዜ ነው። የራሷ ዜጎች ከበቅሎ ጋር በዋሻ እያደሩ፣ ልጆቻቸው በወባ እየሞቱ፣ «ሥልጣኔ ልናስተምር» ብላ ባሕር ተሻገረች። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ፋሺስቶቹ ለድላቸው ደስታ ለግዞተኞች ምሕረት አደረጉ፤ ሌቪም ከተፈቱት አንዱ ሆነ። እኛ አገር የተቀማንበት ዜና ለእሱ የመፈቻ ወረቀት ሆኖ ደረሰው። ማቴራ ላይ ስሙን በየቦታው ስታነቡ ይህችን ይዛችሁ አንብቡ። ቱሪስት አስጎብኚዎች ሁልጊዜ አያነሷትም።

ከጦርነቱ በኋላ ማቴራ «ብሔራዊ ኀፍረት» ተባለች። ጠቅላይ ሚኒስትር አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ በ1950 መጥተው አዩ፤ በ1952 ሳሲን የሚያስለቅቅ ሕግ ወጣ። ከ15 ሺህ በላይ ሰው ላ ማርቴላን ወደመሳሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወረ። ዋሻዎቹ ዳግም ሰው እንዳይገባባቸው ብዙዎቹ በሮች በግንብ ተደፈኑ።

ታዲያ መነሳታቸው ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ? ይህ ጥያቄ ማቴራ ውስጥ እስካሁን አልሞተም። ልጅ መሞቱ ቀነሰ፣ ውሃና መብራት መጣ፤ ይህንን የሚያጣጥል ሰው በዋሻ አድሮ የማያውቅ ነው። በሌላ በኩል «ቪቺናቶ» የሚባል ነገር ነበር፤ የተወሰኑ ቤቶች አንድ ግቢና አንድ የውሃ ጉድጓድ ተጋርተው፣ ልጅ አብረው እያሳደጉ፣ ልብስ አብረው እያጠቡ የሚኖሩበት። የግቢ ኑሮ ያደገ አዲስ አበቤ ማብራሪያ አያሻውም። ያ ተበተነ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ሰዎቹን ማንሳቱ ላይ ሳይሆን፣ ከመነሳታቸው በፊት ለዘመናት ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው መሆኑ ላይ ነው።

ሳሲ ለዓመታት ባዶውን ቀረ። በኋላ የከተማዋ ወጣቶች «ላ ስካሌታ» በሚል ማኅበር ተሰባስበው ዋሻ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመሩ። በ1986 መንግሥት ለዕድሳት የሚሆን ሕግ አወጣ፣ በ1993 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት፣ በ2019 ደግሞ የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነች። ኀፍረት የተባለው ዋሻ ዛሬ ጃኩዚ ገብቶለት ለአንድ ሌሊት በብዙ ዩሮ ይከራያል። እንዲህ ነው ዘመን።

ስለዚህ ፕሮግራማችሁን እንዲህ ብታደርጉት እላለሁ። እኩለ ቀን ላይ ግቡ። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ፤ ሳሲ ውስጥ ደረጃ እንጂ አስፋልት የለም፣ ታክሲም በራችሁ ላይ አያደርሳችሁም። የጀርባ ቦርሳና የማያንሸራትት ጫማ ይበቃል። ዕቃ ካስቀመጣችሁ በኋላ ወደ ካዛ ኖሃ ሂዱ፤ የከተማዋን ታሪክ በግድግዳዎቹ ላይ በፊልም የሚያሳዩበት ቤት ነው። ከዚያ በቪኮ ሶሊታሪዮ ያለውን ካዛ ግሮታ እዩ፤ አልጋው፣ መሳቢያው፣ የበቅሎው ቦታ እንደነበረ ተቀምጧል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ አይፈጁም። ከዚህ በኋላ ነው መዞር፤ በየበሩ ስታልፉ የምታዩት ነገር ይለወጣል።

ወደ ማምሻው ፓላዞ ላንፍራንኪ ወደሚገኘው ሙዚየም ግቡ። እዚያ የሌቪ «ሉካኒያ 61» የተባለው ሥዕል አለ፤ ርዝመቱ ከ18 ሜትር በላይ ነው። በስልክ አይገባም፣ አትልፉ፤ ቁጭ ብላችሁ ፊቶቹን ተመልከቱ። ስትወጡ ፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ አደባባይ ሳሶ ካቬዮሶን ቁልቁል ታሳያለች። የቀን ጎብኚው በዚህ ሰዓት አውቶቡሱን ለመያዝ ይሮጣል። መብራቱ አንድ በአንድ ሲበራ፣ ድምፅ ሲቀንስ፣ የሰው ኮቴ በድንጋዩ ላይ ሲሰማ ያን ጊዜ ነው ማቴራ። እደሩ ያልኩት ለዚህች ሰዓት ነው።

እራት ላይ ጾም የያዛችሁ አትጨነቁ። «ክራፒያታ» የሚሉት ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ስንዴ አብሮ የተቀቀለበት የገበሬ ሾርባ አለ። «ቻሌዳ» ደግሞ ያደረ ዳቦን በቲማቲምና በሽንኩርት የሚያነሱበት ነው፤ ያው የእኛ ፍርፍር ዘመድ። «ፔፔሮኒ ክሩስኪ» የሚባለው ደርቆ የተጠበሰ ቀይ በርበሬ እንደ ቺፕስ ይበላል፤ ቀለሙን አይታችሁ አትፍሩ፣ አያቃጥልም። እንዲያውም ለእኛ ምላስ ትንሽ ይቀለዋል።

ጠዋት በማለዳ ተነሱ። ከገደሉ ማዶ ሙርጃ የሚባለው አምባ አለ፤ ፀሐይዋ ከዚያ በኩል ስለምትወጣ ጠዋት ከተማዋ ሙሉ ብርሃን ያርፍባታል። ፎቶ ለማንሳት የሚሻለው ይህ ሰዓት ነው። በእግር ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ መውጣት ይቻላል፤ ዳገቱ ግን ዳገት ነው፣ ውሃ ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ በእኩለ ቀን ባትሞክሩት ይሻላል። ያልቻለ በመኪና ይዞራል። ከተመለሳችሁ በቪቶሪዮ ቬኔቶ አደባባይ ሥር ያለውን «ፓሎምባሮ ሉንጎ» እዩ፤ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል የዝናብ ውሃ የሚይዝ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ካቴድራል የሚመስል ጉድጓድ!

አንድ ከባድ ምርጫ ይቀራል። ከከተማዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አዳምና ሔዋን የተሳሉበት ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ «የቀዳሚው ኀጢአት ዋሻ» ይሉታል። መኪናና የቀደመ ቀጠሮ ይፈልጋል። ጊዜው ካጠራችሁ ግን በከተማው ውስጥ ያሉት ሳንታ ማሪያ ዴ ኢድሪስና ሳንታ ሉቺያ አሌ ማልቬ ይበቃሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ ፎቶ ክልክል ስለሆነ ስልኩን ኪስ አስገቡት፤ የሰው በር ላይ ሴልፊ የምትነሱ ከሆነም አንኳኩታችሁ አስፈቅዱ፤ አንዳንዱ በር ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል።

ባቡር ከመያዛችሁ በፊት አንድ የማቴራ ዳቦ ግዙ። ድሮ ሁሉም ሊጡን ይዞ የሚሄደው ወደ ሰፈሩ የጋራ ምድጃ ነበር፤ ዳቦው እንዳይቀያየር እያንዳንዱ ቤተሰብ በእንጨት የተቀረጸ የራሱ ማኅተም ነበረው፣ ሊጡ ላይ ይመታበታል። ማኅተሙ ዛሬ በየሱቁ ለመታሰቢያ ይሸጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትሉኝ ግን ዳቦውን ነው የምለው። ከጠንካራ ስንዴ ስለሚጋገር እስከ ሳምንት ይቆያል፤ አዲስ አበባ እስክትገቡ አይደርቅም።