ፒንግ፦ የቤት ኔትወርክ ታማኝ መርማሪ

በቤታችን የገባው ኢንተርኔት በታወከ ጊዜ ብዙ ሰው እጁን ፈጥኖ የሚዘረጋው ወደ ራውተሩ ማጥፊያ፣ ይባስ ብሎም በጀርባው ወዳለችው ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ እርስዋንም በመርፌ ወግቶ፣ የይለፍ ቃሉንና የመሥመሩን መግቢያ ስም ሳይቀር ደምስሶ፣ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ጥፋቱ ከየት እንደ ሆነ ሳይመረምሩ ወደ መፍትሔ መሮጥ ተገቢ አይደለም፤ ለምርመራውም የሚያገለግለው ፒንግ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ዋጋ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቶቹ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ሥራው አጭር ነው። ወደ አንድ አድራሻ መልእክት ይልካል፤ ተቀባዩም፣ ገደል ማሚቶ የጮኸውን ሰው ድምፅ እንደሚመልስ፣ ያንኑ መልእክት ይመልስለታል፤ ፒንግም በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ በሚሊ ሴኮንድ ቆጥሮ ያሳያል። የጥያቄና የመልሱ ሥርዓት በ1981 እ.ኤ.አ. ጆን ፖስቴል ባዘጋጀው ደንብ ተጽፎ ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ግን በሜሪላንድ፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ ነው፤ እርሱም በ1983 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጠባይ ግራ ቢያጋባው፣ በተማሪነቱ ያጠናውን፣ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠውን የሶናርን ጥበብ አስታውሶ ፈጥኖ ጻፈው። ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙን የሚያስጠራው ይህ እንደሚሆን ዐውቆ ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ይደክምበት እንደ ነበር በኋላ ገልጿል።

ሙስ ስለ ፒንግ ከሰማቸው ታሪኮች ሁሉ አብልጦ የወደደው ይህ ነው፦ አንድ የኔትወርክ ኃላፊ፣ መሥመሩ አንዴ እየተገናኘ አንዴ እየተቋረጠ ቢያስቸግረው፣ መልስ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩ «ፒንግ» እያለ በድምፅ እንዲጠራ አደረገና ድምፁን በቢሮው ማጉያ ለቀቀው፤ ከዚያም በሕንፃው እየዞረ የኬብሉን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ሲነቀንቅ ድምፁ ጸጥ ባለበት ስፍራ የላላውን አገኘው።

በቤት ውስጥም አካሄዱ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው፤ አስቀድሞ ራውተሩ (በብዙ ቤት 192.168.1.1)፣ ቀጥሎ በውጭ ያለ የታወቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ በመጨረሻም የአንድ ድረ ገጽ ስም ይጠየቃል። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልተገኘ፣ የታወከው ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው ዲኤንኤስ እንጂ መሥመሩ አይደለም። ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ መምህር «ልጄ፣ ይህ መሥመር ደግሞ ሞተብኝ» ብለው ቢጠሩኝ፣ በዋይፋይ ራውተራቸውን ስጠይቅ 3፣ 5፣ ከዚያ 812፣ ከዚያም ያለ መልስ ቀረ፤ በኬብል ሳገናኘው ግን 1፣ 1፣ 1 እያለ ጸና። ራውተሩ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተሸጉጦ ነበርና ወደ መደርደሪያ ባወጣነው ጊዜ በዋይፋይም ተስተካከለ።

አሁን ግን አጥብቄ የምናገርበት ስሕተት አለ፤ ይኸውም ዝምታን ሞት፣ መልስን ደግሞ ፍጹም ጤና አድርጎ መቍጠር ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ለፒንግ እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ስለዚህ ዝም ያለው ኮምፒዩተር በደኅና ተቀምጦ ፋይል እያደለ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በቤታችሁ ያቆማችሁት ሰርቨር፣ የቤተ ሰቡን መዝሙርና ፊልም የሚያቀርበው ጄሊፊን የተባለው ፕሮግራም ሥራውን አቋርጦ ሳለ፣ ለፒንግ በትጋት ይመልሳል፤ ፒንግ የሚጠይቀው ኮምፒዩተሩን ነው እንጂ በላዩ የሚሠራውን አገልግሎት አይደለምና። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፒንግ ከሚጽፈው ውጤት የመጨረሻውን መሥመር ብቻ የሚያነብ ሰው ነው፦ በዊንዶውስ ላይ፣ በቤቱ ኔትወርክ የሌለ አድራሻ ሲጠየቅ፣ የራሳችሁ ኮምፒዩተር «መድረሻው አይደረስበትም» ብሎ በራሱ አድራሻ ይመልሳል፤ ይህም እንደ መልስ ተቈጥሮ ከታች «የጠፋ 0%» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ሆይ፣ መልሱ ከማን አድራሻ እንደ መጣ ሳታይ አትደሰት!

የሚሊ ሴኮንዱንም ቁጥር በአግባቡ ማንበብ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ አዲስ አበባ ቤት ባለው ሰርቨር የተቀመጠ ፎቶ ሲከፍት ቢዘገይበት፣ ራውተር ለውጡ ብሎ ይቈጣል፤ ነገር ግን ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ለሚያህለው ርቀት ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ኬብሉም ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ከዚህ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ራውተር አያሳጥረውም፤ በእጃችን ያለው ሰርቨሩ በአንድ ገጽ የሚላላካቸውን ጥያቄዎች ማሳነስና በሙሉ ፎቶው ፈንታ ትንሹን ምስል አስቀድሞ እንዲልክ ማድረግ ነው።