ብርብራ፣ ዓሣና ኦክስጅን

ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ጉማራ ወንዝ ብርብራን ያውቀዋል። ዘሩ ተወቅጦ ውኃው ላይ ሲበተን ዓሦች ደንዝዘው ይንሳፈፋሉ። ምሥጢሩ ምንድን ነው?

ዘሩ ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህም በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶ፣ ሕዋሳት በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩበትን ሂደት ይገታል። ስለዚህ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ እንኳ ይታፈናል።

መንጠቆ አንድ ዓሣ ይይዛል፤ ብርብራ ግን ትልቁን ከትንሹ አይለይም። የጣና ላቤኦባርበስ ዓሦች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ ይወጣሉ። ያን ጊዜ የሚበተን ዱቄት የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ጭምር ያጠፋል። ለዕለት ራት የሸምበቆ ዘንግና መንጠቆ ይበቃሉ።